ከቅዳሴ በፊት የተጠጣ ውኃ

«ዘወትር ጠዋት ይላል! እሑድን የት ላይ ነው ያወጣሽው?» ሻለቃ መልከጼዴቅ ኣልጋነሽ ለተማሪዎቿ ያደለችውን የጤና መመሪያ ወረቀት በፊቷ አራገቡት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ በአፌ ተናግሬያለሁ፤ የምትቆርቡ ሰዎች እሑድ ውኃው ይቅርባችሁ ብያለሁ።»

«እኔ ወታደር ነኝ። የምፈጽመው የተጻፈውን ነው!»

ዕለቱ የካቲት ሃያ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የምኩራብ እሑድ ነበር፤ በካልጋሪ ከተማ፣ በፎረስት ሎን ሰፈር ቅዳሴ አልቆ ምእመናኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። የሰባ ስድስት ዓመቱ ሻለቃ ከባለቤታቸው ከእትዬ ወለተማርያም ጋር ለመቁረብ አንድ ዓመት ሙሉ በንስሐ ሲዘጋጁ ቆይተዋል፤ በዚያች ማለዳ ግን እንደ ለመዱት ብድግ ብለው አንድ ብርጭቆ የሞቀ ውኃ ጨለጡ፤ ባልና ሚስቱም ከመቅደሱ ደጃፍ ሳይቆርቡ ተመለሱ።

ኣልጋነሽ አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ በፉትሂልስ የኢንዱስትሪ ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ የምታሽግ የአምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። አዩርቬዳ የተባለውን የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ከአንዲት የኬረላ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዋ ሰባት ዓመት ስትማር ኖራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ አዳራሽ ለደብሩ ሽማግሌዎች ታስተምር ነበር፤ ከጎሕ በፊት መነሣት፣ ምላስን መፋቅ፣ የሞቀ ውኃ መጠጣት፣ ገላን በሰሊጥ ዘይት ማሸት፣ በጊዜ መተኛት። የሐኪም ኪኒን ተዉ ብላ አታውቅም። የሰሜኑ ጦርነት እነዚያን ሽማግሌዎች ለሁለት ከፍሎ ሰላምታ ካሳጣቸው ወዲህ፣ በአንድ አግዳሚ የሚቀመጡት በእርሷ ክፍል ብቻ ነበር፤ አሁን የፈራችውም ይህ ክፍል እንዳይዘጋ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ገብረመድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ኣልጋነሽ፣ ይህ የጣዖት አምላኪዎች ሕክምና አይደለም ወይ?»

«ውኃ ማፍላት ነው፣ አቶ ገብረመድኅን። ሰሊጡም ቢሆን ከሁመራ ይመጣል።»

«ሁመራን አታንሺ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ብላ ብላ ፖለቲካውን እዚህም አደረሰችው!» አለ ሌላው።

ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ወጣቷ ኢየሩስ ቀና አለች። «ሶ፣ ክላሱ ካንሰል ይደረግ ነው? ሚኒትሱ ላይ ምን ልበል?»

«ይዘጋ በዪ!» አሉ ሻለቃው።

ኣልጋነሽ ወደ ወለተማርያም ዞረች። «እትዬ፣ ቅዳሜ አጠገቤ ነበሩ። ያልኩትን ይንገሩልኝ፤ እባክዎ።»

ወለተማርያም ሰምተው ነበር፤ በዚያው ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመለሱም መኪና ውስጥ ለባለቤታቸው ደግመው ነግረዋቸው ነበር። ነገር ግን በአምሳ አንድ ዓመት ትዳር ሻለቃውን በሰው ፊት አርመው አያውቁም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«እኔ እንግዲህ ጆሮዬ ደከም ብሏል፣ ልጄ» አሉ።

አቶ ገብረመድኅን ድምፅ ሲጠይቁ ክፍሉ እንዲዘጋ ከጉባኤው ሰባት እጆች ወጡ። ኢየሩስም እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ከሃይማኖታችን ጋር የማይስማማ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ተዘግቷል።» ማን እንዳስተማረ፣ ማን ከማን ጎን ተቀምጦ እንደተማረ አልጻፈችም፤ አንድ ቀን የደብሩን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ያን መዝገብ ቢገልጥ፣ አንድ ጊዜ ምእመናኑ ከስሕተት ትምህርት መጠበቃቸውን አንብቦ ያልፋል፤ ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ከመስከረም እስከ የካቲት አንዱ የሌላውን ጀርባ በዘይት ሲያሽ መክረማቸውን የሚነግረው አያገኝም።

ቀጣዩ አጀንዳ በመኪና ማቆሚያው ላይ የተቆለለው በረዶ ነበር፤ በማን ተራ ይጠረግ በሚለው ክርክሩ ወዲያው ጋለ። ኣልጋነሽ የዘይት ጠርሙሶቿን በቦርሳዋ ከታ፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በጎን በር ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣች፤ አቶ ገብረመድኅን አካፋው የት እንደገባ እየጠየቁ ነበር።