የዘውዴ ኑዛዜ

የገብረአብ ሬሳ ከገብሱ ጎታ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ታናሽ ወንድሙ ዘውዴ አጠገቡ ተቀምጦ ይወዛወዛል። ከደብረ ብርሃን ተጠርታ አንኮበር የደረሰችው ኢንስፔክተር ሠናይት ገና ደጃፉን ሳታልፍ ሚሊሻው፣

«የሚያለፋ ነገር የለውም፤ ራሱ አምኗል» አላት።

ሠናይትን አልጋ በአልጋ የሆነ ምርመራ ያስፈራታል።

«ወንድሜን በዘነዘና መታሁት፤ አንድ ጊዜ መታሁት፤ ዘነዘናውን ገብሱ ውስጥ ቀበርሁት» አለ ዘውዴ ሳይጠየቅ። ጎታው ሲፈተሽ ዘነዘናው ከነደሙ ወጣ።

ከገበያ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ሚስት አስካለ እንባዋ ደርቋል።

«ዘውዴ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ከተመታ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። «ቁርስ መብላቱን እንኳ አያስታውስም። እንደ ልጄ ነው የያዝሁት። አሁን ልጥላው ወይስ ልዘንለት? ምን ይሻለኛል፣ ኢንስፔክተር?»

ሠናይት ወደ ጎረቤቱ፣ የሟቹ የአጎት ልጅ ወደሆኑት የኔታ ዘሥላሴ ዞረች። ሁለቱንም ወንድማማቾች ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው።

«ከገብረአብ ጋር በድንበር ትካሰሱ ነበር ይባላል።»

«የዘመድ ጠብ መች ይጠፋል? እኔ ጠዋቱን በሙሉ ተማሪዎቼን ቃል በቃል እያስደገምሁ ሳስቀጽል ነበርሁ። የመጣሁት የአስካለን ጩኸት ሰምቼ ነው።»

ሠናይት ከዘውዴ ፊት ቁጢጥ አለች። «ትናንት ደነባ ገበያ አብረን የገዛነው በግ ትዝ ይልሃል?»

«ቀንዱ ተሰብሮ ነበር። እርስዎ ተከራከሩ።»

ጥቂት ቆይታ ደግማ ብትጠይቀው በጉ ጥቁርና ቀንድ የሌለው ጎዳ ሆነ። ሁለቱ ከዛሬ በፊት ተያይተው አያውቁም። ስለ ግድያው ሲናገር ግን አንዲት ቃል አትለወጥም፤ ጠቋሚ ጣቱም ጉልበቱ ላይ ትሄዳለች። ሠናይት ወጥታ በአደጋው ጊዜ ዘውዴን ያከመው ሐኪም ዘንድ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በአደጋው የዘውዴ አንጎል መሥመሮች ተበጥሰዋል፤ ዛሬም አልተጠገኑም» አለች። «አዲስ ነገር አይይዝም። የጎደለውንም ባገኘው ይሞላዋል፤ መዋሸቱ አይደለም። የበጉ ወሬ የተለዋወጠው ለዚህ ነው። ታዲያ ግድያው ለምን አይለዋወጥም?»

ሠናይት ወደሚወዛወዘው ዘውዴ አመለከተች።

«እየተወዛወዙ፣ ጣት እያስኬዱ በቃል መያዝን የለመደው በልጅነቱ ፊደል ሲቆጥር ነው። ያ መንገድ አልተበጠሰም። አንድ ሰው በዚያው መንገድ ይህን ኑዛዜ ደጋግሞ አስጠንቶታል። እዩት፤ ዘውዴ፣ ‹ዘነዘናውን› ብለህ ቀጥል።»

ዘውዴ ተደናገረ። ከዚያ ከመጀመሪያው፣ «ወንድሜን በዘነዘና መታሁት» ብሎ ጀመረ።

«አስካለ እንደጮኸች ጎረቤት ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ሚሊሻው ከዘውዴ አልተለየም። ያጠናው ከዚያ በፊት ነው። አስካለ ገበያ ሄዳ የተመለሰችው ከሦስት ሴቶች ጋር ነው፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ያስጠናው ሰው ዘነዘናው የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ማስቀጸልም ያውቅበታል። የኔታ፣ ተማሪዎችዎን ጠየቅሁ። ዛሬ ትምህርት የለም ብለው በጠዋት አሰናብተዋቸዋል።»



«ድንበሬን ገፋኝ፤ ተናደድሁ። ይሞታል አላልሁም» አሉ የኔታ። «ይሄ ልጅ እንደሁ ሁሉን ይረሳል። እሱን የሚጎዳው አልመሰለኝም።»

የኔታ ታስረው ሲወጡ አስካለ የዘውዴን እጅ ያዘች።

«አንተ አልገደልኸውም፤ ሰማኸኝ?»

«ወንድሜን በዘነዘና መታሁት» አለ ዘውዴ፤ እንባው ይወርዳል። «አንድ ጊዜ መታሁት።»

«ይሄ ነገር ከልቡ ይወጣለታል?» አለች አስካለ።

ሠናይት ልትዋሻት ፈልጋ ነበር፤ ግን እውነቱን ነገረቻት። «ሐኪሙ የሚወጣ አይመስለኝም ብሏል።»

«እንግዲያማ እስክሞት ድረስ ባሌን ሲገድልብኝ ልሰማው ነው» አለች አስካለ። ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

«ተነሥ ዘውዴ፤ ወንድምህን እንቅበር።»