የዶንግ ሊፌይ የመጨረሻ ካርድ

የቻይናዊው የጎልፍ ተጫዋች የዶንግ ሊፌይ አስከሬን የተገኘው ማክሰኞ ማለዳ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሻኮፒ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የጎልፍ ሜዳ፣ በመጨረሻው፣ በአስራ ስምንተኛው ጉድጓድ አጠገብ ነው። የሜዳው ሣር ጠባቂ አቶ ዋለ ማጨጃውን እየነዳ ሲደርስ ሰውየው ከድንጋዩ አጥር ሥር ተንጋሎ ነበር። ጤዛው ፊቱ ላይ አድሯል። አቶ ዋለ የተኛ መስሎት እንዳይቀሰቅሰው ሞተሩን አጥፍቶ እንደነበር ለፖሊስ ተናገረ።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ የሺሀረግ ከሲዋርድ ሰፈር ተነስታ ስትደርስ ጤዛው አልደረቀም። መርማሪ ከመሆኗ በፊት አስራ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ስለነበረች፣ ሰው በሁለት ቋንቋ ሲዋሽ ሰምታ የጠገበች ሴት ናት። የሟቹ ጭንቅላት ከድንጋዩ ጠርዝ ተጋጭቷል። ደረቱ ላይ ደግሞ የሁለት መዳፍ ያህል የጠቆረ ምልክት አለ። ከፊት ለፊት ተገፍትሮ ነው የወደቀው። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ የነጥብ ካርድ ተገኘ፤ ስሙ ተጽፎበታል፣ የአስራ ስምንቱም ጉድጓዶች የምት ቁጥር በእርሳስ ተሞልቷል።

አለቃዋ ነገሩ ያለቀ መስሎታል። የዶንግን የዱላ ቦርሳ የሚሸከመው ካዲ ኩምሳ ሰኞ ከሰዓት በሰው ፊት ከሥራ ተሰናብቷል፤ «ትጸጸታለህ» ብሎም ጮኋል። እሱ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ሌላው ሥራው፣ የመጋዘን ሺፍቱ፣ እስኪደርስ ፓርኪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ያየው ሰው የለም። ይባስ ብሎ አቶ ዋለ ሰኞ አመሻሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዶንግን ከአንድ ቀጭን ረጅም ሰው ጋር ከሩቅ አይቷል፤ ቦርሳው አንድ ስለነበር ካዲው ነው ብሎ አልፏል።

የሺሀረግ ሌላ ማጣራት ስትጠይቀው አለቃዋ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጣት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን ከዓርብ በላይ ማደሩን አልወደደም። የኩምሳ ባለቤት ቢሊሴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዓርብ ክስ ከተመሠረተበት የመጀመሪያ ልጁን የሚያየው በእስር ቤት መስታወት በኩል ነው።

የሺሀረግ መጀመሪያ አሠልጣኙን ዴል ኔልሰንን አነጋገረች። ሽማግሌው ጉልበቱን እያሸ የዶንግን ሕይወት አጫወታት። አባቱ ሁናን ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ነበሩ፤ ዶንግም በተሰበረ ዱላ፣ ባለጠጎቹ ሳይመጡ፣ በንጋት ነበር የተማረው። በሃያ አንድ ዓመቱ እስያ ውስጥ ሁለት ዋንጫ በላ። ከአስር ዓመት በፊት እዚሁ ሜዳ ላይ በተደረገ የማጣሪያ ውድድር አሜሪካ ለመጫወት የሚያበቃውን የመጨረሻ ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። እየመራ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም መድኃኒት አላገኘለትም፤ ጸሎትም ተሞክሮ ነበር።

ቀጥላ ያነጋገረችው ኩምሳ ዐይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ከመታ በኋላ ዝም ብሎ ይቆማል እትዬ የሺ» አላት። «ሌላ ሰው ተራው ደርሶ የሚመታ ይመስል። አንድ ቀን ‘ማንን ነው ዌይት የምናደርገው?’ አልኩት። ‘አብሮን የሚሄደውን’ አለኝ። እዚያ ማንም አልነበረም። እኔም ከዚያ በኋላ ወደ ኋላዬ ማየት ጀመርኩ።»

የካርዱን ፎቶ አሳየችው።

«ይሄ የእሱ ጽሑፍ ነው?»

«የራሱን ነጥብ ማን ይጽፋል? አንዱ የሌላውን ነው የሚጽፈው፤ በመጨረሻ ካርድ ይለዋወጡና ይፈርማሉ። ብቻውን ሲጫወት ካርድ አይዝም፤ እኔም ጽፌለት አላውቅም፤ የካዲ ሥራ አይደለም።»

የሺሀረግ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። እንግዲያው ሰኞ አመሻሽ ከዶንግ ጋር የነበረው ሰው ቦርሳ ተሸካሚ አልነበረም፤ ተጫዋች ነበር።

በማግስቱ ብሩክሊን ፓርክ ወደምትባለው ከተማ ሄደች። ኩምሳና ቢሊሴ የሚኖሩት በአጎቱ ልጅ በናፍያድ ቤት ነው። ናፍያድ በመጋዘን ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ። ለእንግዳዋ ወንበር ሳበላት፣ ቢሊሴን ደግሞ እንዳትነሳ ቆጣ ብሎ ውኃውን ራሱ ቀዳ። ጎልፍ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ልጅ ሳለ ይጫወት እንደነበር ነገራት።

«ዱላ ከነካሁ አስር ዓመት ሆነኝ» አለ። ብርጭቆውን ሲያቀብላት በግራ አውራ ጣቱ ላይ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ ትኩስ ቁስል አየች። ውኃውን ጠጥታ ተነሳች።

ሐሙስ ጠዋት ከአቶ ዋለ ጋር ሜዳውን በእግሯ ዞረች። ዘጠነኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ወንዙ የበላውን መሬት አሳያት።

«በሚያዝያ ጎርፉ የድሮውን መነሻ ወሰደብን። አሁን ርቀቱ ስላጠረ በደንቡ በአምስት ምት ይገባ የነበረው በአራት ሆኗል። ካርዱ የድሮው ነው፤ አዲሱ አልታተመም። እዚህ የሚውል ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል።»

የሺሀረግ የካርዱን ፎቶ አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በክለቡ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። አሠልጣኙ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ አቶ ዋለ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ኩምሳና ናፍያድ ጎን ለጎን ነበሩ። አለቃዋ በሩ ላይ ቆመ። እሷ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ እያለች ጀመረች።

«ይህን ካርድ የሞላው ከዶንግ ጋር የተጫወተው ሰው ነው» አለች። «ሲጨርሱም እንደ ደንቡ ተለዋውጠዋል፤ ዶንግ ይዞት የነበረው ካርድ የጠፋው የዚያ ሰው ስም ስላለበት ነው። ሚስተር ኔልሰን በዚያ ጉልበት አስራ ስምንት ጉድጓድ በእግሩ አይዞርም፤ የሜዳውን ትንንሽ መኪኖች ደግሞ አቶ ዋለ ቀድሞ ቆልፏቸዋል። አሁን ዘጠነኛውን እዩ። ተጫዋቾች ከተወሰነው ምት አንድ ያነሰውን ቁጥር በክብ ይከቡታል። ይህ ሰው አራትን ከብቧል፤ አምስት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብቻ ነው አራትን የሚከበው። ሚስተር ኔልሰን፣ አቶ ዋለና ኩምሳ አራት መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ጎልፍ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሜዳውን ግን ከጎርፉ ወዲህ ያልረገጠ ሰው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ኩምሳን የሚመስል፣ ዱላ መያዝ የረሳ እጁ በአንድ ቀን ጨዋታ የቆሰለ ሰው።»

ናፍያድ አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ደበቀ። ኩምሳ ግን ገና አልገባውም ነበር፤ በዘመዱ ፊት ላይ የሆነ ነገር እስኪያይ ድረስ።

«የያኔውን የማጣሪያ ውጤት አስፈትሼ አገኘሁት» አለች የሺሀረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአንተ ስም ከዶንግ በላይ ነበር። ከዚያ ተሰረዘ።»

ናፍያድ ሲናገር የሚያየው ወለሉን ነበር።

«አስራ ሰባተኛው ላይ በስድስት ነው የገባሁት። እሱ አምስት ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ሳላይ ፈረምኩ። ቀንሶ የፈረመ ሰው ደግሞ ይባረራል። አባቴ ሁለት ሥራ ሠርቶ ነው ያስተማረኝ፤ ‘ቁጥር መቁጠር አቅቶህ ነው?’ እንዳለኝ ሞተ። አስር ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የኖርኩት። ሰኞ ደውሎ እንጫወት አለኝ፤ ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ መጣሁ። እየተፈራረቅን በእሱ ዱላ ተጫወትን፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ካርድ ከተለዋወጥን በኋላ ‘አልተሳሳትኩም፤ ሆን ብዬ ነው’ አለኝ። ሌላም ነገር ሊል ነበር። ገፋሁት።»

«ካርዱን ለምን ኪሱ ውስጥ ተውከው?»

«የእሱ ካርድ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው» አለ፤ ጥያቄው የገረመው ይመስል ነበር።

«ኩምሳ ሦስት ቀን ሲጠየቅ ዝም ያልከውስ?»

ኩምሳ ወንበሩን ከናፍያድ ራቅ አደረገ፤ ያ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሁሉ በላይ ተሰማ።

የሺሀረግ የቀረውን መናገር አልፈለገችም። ግን በአስተርጓሚነት ዘመኗ እንኳ ያልተመቻትን ቃል ዘልላ አታውቅም።

«ዶንግ እሁድ ዕለት ለማጣሪያ ውድድሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ልኮ ነበር» አለች። «ያደረገውን ሁሉ ጽፏል፤ የአንተን ስም ግን አላሰፈረም። ‘መጀመሪያ ለበደልኩት ሰው ልንገረው፤ ከፈቀደልኝ ማክሰኞ ጠዋት አብረን እንመጣለን’ ይላል። ካዲውን ያሰናበተውም በውድድር መጫወት ስላቆመ ነው።»

«ማክሰኞ?» አለ ናፍያድ።

«ማክሰኞ ጠዋት።»

አለቃዋ ከበሩ ተነስቶ ሲመጣ ናፍያድ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ዶንግ ቆመ፤ ሌላ ሰው ቀድሞት እንዲያልፍ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።