ከምሳ በፊት አንድ ደቂቃ

«ቆይ ግን፣ ለማን ነው የምታወሪው?»

ፌንጣ ይህን የጠየቀችው ዳቦ በጉንጯ እንደሞላች ነው። ፌንጣ የተባለችው አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። አሁን ግን ወንበሯ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ከጓደኛዋ ከንፈር ላይ አልነቀለችም።

ጓደኛዋ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ስር አጣምራ ነበር። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመጣች አራት ወሯ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ደቂቃ» የሚል ስም ወጣላት፤ ምሳዋን ሳትነካ አንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗን ጨፍና ስለምትቀመጥ። ስሙን ያወጣችላትም ይቺው ፌንጣ ናት።

«ለማንም» አለች ደቂቃ።

«ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ እኮ። ሩዙን ነው የምታናግሪው? ካሮቱስ መለሰልሽ?»

ደቂቃ ሳቀች። መልሱን ብታውቀው ትነግራት ነበር፤ ግን እሷም አታውቀውም። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «ጨጓራዬን ያመኛል። ሐኪሙ ከመብላትሽ በፊት እስከ ስልሳ ቁጠሪ ብሎኛል።»

«ወይኔ፣ እኔ ደግሞ ስቀልድብሽ» አለች ፌንጣ ከልቧ አዝና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት ዘበኛ ሆነችላት። «ዝም በሉ፣ እየቆጠረች ነው» ትላለች ለክፍሉ ልጆች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። ልጆቹም ዝም ይላሉ። ያ ሁሉ ልጅ ለአንድ ውሸት ሲባል ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል። ደቂቃ የዚያን ጊዜ ያህል ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

እውነቱ ሌላ ነበር። ቤተሰቧ የአንድ ጥብቅ የሃይማኖት ማኅበር አባል ነበር፤ አባቷም ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። እዚያ አንድ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው በጉባኤው ፊት ቆሞ «አምናለሁ» ይላል። የእሷ ተራ ደረሰና ቆመች። ሦስት መቶ ሰው ሲጠብቃት «አላውቅም» አለች። ማንንም ለማስቀየም ብላ አልነበረም። እንዲናገሩ የተባሉት እውነቱን ስለነበር፣ እሷም እውነቱን ተናገረች።

ንስሐ እስክትገባ ከማዕድ ተለየች። ይህም ማለት በገዛ ቤቷ ኩሽና ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ መብላት ነው። አባቷ ሳሎን ሆነው የሚያሰሙት የማዕድ ጸሎት ኩሽና ድረስ ይሰማታል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እናቷ ሳህኗን ይዛ ገባች፤ ሌላ በርጩማ ሳበች፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ከተለየ ሰው ጋር የበላ ራሱ የተለየ ነው። ወር ሳይሞላ ሁለቱ አሁን የሚኖሩባትን ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ታላቅ እህቷ፣ እሷ «እታለም» የምትላት፣ ከአባታቸው ጋር ቀረች።

ታዲያ እናትሽ ላንቺ ስትል ትዳሯንና ትልቋን ልጇን ትታ ከወጣች በኋላ፣ አንቺ ያንኑ ጸሎት በድብቅ እንደምትደግሚ እንዴት ትነግሪያታለሽ? «እህ፣ ታዲያ ለምን ወጣን?» ብትላትስ? የእምነት ነገር ነው እንዳትል እምነቱ የለም። ጸሎቱን ካላለችው ግን እህሉ አይወርድላትም።

ቤት ውስጥ መደበቁ ቀላል ነበር። እናቷ ቁጭ ብላ አትበላም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ትውላለች። ስትመለስ ሳህኗን በእጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ ትበላለች። «ተቀምጬ ነው የዋልኩት፤ እግሬን ላፍታታው» ትላለች።

ቅዳሜ ፌንጣ የሂሳብ የቤት ሥራ ልትኮርጅ መጣች፤ እሷ እንኳ «አብረን ልንሠራ» ነው ያለችው። እናት የምሳውን ሾርባ ስትጨልፍ ፌንጣ ብድግ ብላ ሳህኖቹን ተቀበለች።

«ማዘር፣ የእሷን ትንሽ ይበርድ። ከመብላቷ በፊት እስከ ስልሳ ትቆጥራለች አይደል።»

«የምን ስልሳ?»

«ለጨጓራዋ ነዋ፣ ሐኪሙ ያላት። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። እኛ ክፍል አንድ ልጅ ቢስቅባት አለቀለት፣ እኔ አለሁላት።»

ጭልፋው ድስቱ አፍ ላይ ቆመ። ደቂቃ ክው አለች። እናቷ አንዴ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞረች።

«አዎ፣ ያ ሐኪም» አለች ቀስ ብላ። «ረስቼው ነው። ጎበዝ፣ እንዲህ ጠብቂልኝ።»

ፌንጣ አራት ጥያቄ ኮርጃ፣ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጥታ ሄደች። በሩ ከተዘጋ በኋላ እናት እጇን በፎጣ ስታደርቅ ቆየች። እጇ ከደረቀ ቆይቷል።

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ታምኚበታለሽ?»

«እንጃ። ካላልኩት አይወርድልኝም።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«በእኔ ምክንያት ነው የወጣሽው፣ እማዬ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እናት ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችው። «እኔስ ቆሜ የምበላው ለምን ይመስልሻል?»

«እግርሽን...»

«የምን እግር። ስቀመጥ እጄ ራሱ ሄዶ ይጣመራል። አንቺን ኩሽና ያስገባ ጸሎት ነው፤ ባንቺ ፊት ከአፌ አላወጣውም ብዬ ነው።»

ደቂቃ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። እናቷም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ራት ላይ እናት ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እዚህ ቤት ከገቡ የመጀመሪያዋ ነው። እጆቿን አጣመረችና ዓይኗን ጨፈነች። «በይ እስኪ» አለች።

ደቂቃ ድምፅ አውጥታ ጀመረች። ድምፅዋ የሌላ ሰው፣ የትንሽ ልጅ መሰላት። «አባት ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ምግብ እናመሰግንሃለን። ማንንም ሳታጎድል ቤተሰባችንን በአንድ ማዕድ ስለ...»

በሆዷ ስትለው ይህን ቃል ሮጣ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሳህኖች ሁለት ናቸው። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም፤ «አሜን» ብላ መዝጋትም አቃታት። እናቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«በይ እንዳይቀዘቅዝ» አለች በመጨረሻ።

በሉ። ደቂቃ እናቷ አንድ ቀን ቁጭ ብትልላት ቤቱ የሚሞላ ይመስላት ነበር። ግን እናቷ ቆማ ስትበላ ጠረጴዛው ተራ ጠረጴዛ ነበር። አሁን አራት ጎን እንዳለው፣ ሁለቱ ጎን ባዶ እንደሆነ ታየ።

እናት ሳህኖቹን ለማጠብ ስትነሳ ደቂቃ ስልኳን ወሰደች። የእህቷን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን አልጻፈችላትም። ከተለዩ ሰዎች ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ መብላትማ አይነሳም። መጻፍ ማለት እታለምን ከሁለት አንዱን ምረጪ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። የራሷ ምርጫ ምን እንዳስከፈለም ታውቃለች። ጻፈች፣ አጠፋች። «ሰላም ነሽ» ብላ ጀምራ እሱንም አጠፋችው።

በመጨረሻ እንዲህ ስትል ላከች፦

«እታለም፣ የሚመጣው እሁድ ምሳ እኛ ጋ ብዪ። እማዬም ቁጭ ብላ ትበላለች። ጸሎቱን አንቺ ትያለሽ፤ እኔን መሃል ላይ ይይዘኛል።»

መልእክቱ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደተነበበም አሳየ። መልስም፣ እታለምም ግን አልመጡም፤ ያን እሁድም፣ ከእሁዱ በኋላም።