ዝም በል፣ ይሰሙሃል

ግንበኛው ወደ እኛ ክፍል የገቡ ዕለት ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ተጎትቶ ነበር። ስትሮክ ነው። ያመጣቸው ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ ላይ ቀይ ነገር ተፈናጥቆበታል። ደም መስሎኝ «አንተስ ምን ነካህ?» አልኩት። ቀለም መሆኑን፣ እሱም ታፔላ ጸሐፊ መሆኑን ነገረኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በነርስነት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው በታመመ አባቱ አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጥ አይቼ ጠባዩን መገመት ለምጄ ነበር። እሱ የተቀመጠው አንድ እጁን ከአባቱ ትራስ ሥር አድርጎ ነው።

በስድስተኛው ቀን ግንበኛው አፋቸውን ፈቱ። የወጣው ግን ማንም የማያውቀው ቃል ሆነ። ሐኪሙ ከአንጎል ጉዳቱ የመጣ መቀባጠር ነው አለ፤ ልጁም አመነ። እኔ ግን አንሶላ ስቀይር አንዱ ቃል ሲደጋገም ሰማሁና ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አውቀዋለሁ። አባዬ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርገው የሚያጉተመትመው ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «የማዶ ቋንቋ ነው፣ ተዪው» ብሎኛል።

ማዶ የምንለው ከወንዙ ባሻገር ያለውን አገር ነው፤ ሰዎቹንም ማዶዎች እንላቸዋለን። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ በጦርነት፣ ከአንድ ባንዲራ ሥር ገብተዋል። እኛ «አንድ የሆንበት ዘመን» የምንለውን እነሱ «የተሰበርንበት» ይሉታል። አባዬ እኔ ሳልወለድ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ አስተምሯል።

ለታፔላ ጸሐፊው አባቱ የሚናገሩት ቋንቋ እንጂ ቅዠት አለመሆኑን ስነግረው ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። አባቱ የማዶ ሰው መሆናቸውን ያውቃል። ግን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወንዙን ከተሻገሩ ወዲህ አንዲት የማዶኛ ቃል ከአፋቸው ወጥታ ሰምቶ አያውቅም። ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ እኛ የአገሩ ልጆች ነን፣ ሌላው ሁሉ ጣጣ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ታፔላ ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር። እሱ የማዶኛውን ከወረቀት ላይ እንደ ሥዕል እያየ ነው የሚገለብጠው። አንድ ጊዜ የሁለት ደንበኞች ወረቀት ተቀያይሮበት ሥጋ ቤቱ በር ላይ «ልብስ በልክ እንሰፋለን» ብሎ ጽፎ፣ ሦስት ወር ሙሉ የማዶ ሰው ሁሉ እየሳቀ አለፈ። ይህን ሲያጫውተኝ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ አባቱ ዞረና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

እንዲህ እያልን ተላመድን። የክፍላችን የበር ጽሑፎች ደብዝዘው ነበርና አባቱ ሲተኙ አንድ በአንድ አደሳቸው። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ብሩሹን እያጠበ አገኘዋለሁ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ እንቀመጣለን። ብዙም አናወራም። እሱ ጥፍሩ ሥር የገባውን ቀለም ይፍቃል፣ እኔ እጁን አያለሁ፤ እንዳየሁት ሲያውቅ መፋቁን ይተዋል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤

«ሲስተር ማለት እህት ነው አሉ። እኔ ደግሞ እህት አለችኝ፤ አንድ ትበቃኛለች።»

«እና ምን ልትለኝ ነው?»

«ስምሽን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ ጠራኝ።

አባቱ የሚሉትን እንዲተረጉምለት አባዬን ይዤ እንደምመጣ ቃል የገባሁለት ያን ቀን ነው። አባዬን ስለምነው ቋንቋውን ረስቼዋለሁ አለ። አልለቀቅሁትም፤ ለበጎ ሥራ ብሎ የሚጎተጉት ሰው ጭካኔው አይታየውም። በሦስተኛው ቀን ጫማውን ወልውሎ፣ ክፍል ሲገባ ይለብሰው የነበረውን ኮት ደርቦ መጣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር፤ መጋረጃው ተከፍቶ ፀሐይ አልጋው ላይ አርፋለች። አባዬ ከግርጌ ቆሞ በማዶኛ ሰላምታ ሰጠ። ግንበኛው ዞር ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በደህናው ግራ እጃቸው አልታዘዝ ያለውን ቀኝ እጃቸውን ጎትተው ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት፤ ሁለቱንም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጁ ውሃ የፈለጉ መስሎት ብርጭቆ አቀበላቸው። ጣቶቻቸው አልተጨበጡም።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ ወደ አባዬ ዞሮ።

አባዬ መዋሸት ይችል ነበር። ሊዋሽ እንደፈለገም አይቻለሁ፤ ከንፈሩ ተከፍቶ ተዘጋ። መነጽሩን አወለቀ።

«እስክመታቸው ነው የሚጠብቁት» አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው አጭር ነው። በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ማዶኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ መዳፉን አሥር ይገረፍ ነበር። ደንቡ የመንግሥት ነው፤ አለንጋውን የሚያነሳው ግን እሱ ነው። ቋንቋውን የተማረውም ልጆቹ ምን እንደሚያወሩ ለመያዝ ነው። ታፔላ ጸሐፊው አባቱን ያስታውሷቸው እንደሆነ ጠየቀው።

«አላስታውሳቸውም» አለ አባዬ። «ብዙ ነበሩ።»

ከተናገረው ሁሉ ያቺ «ብዙ ነበሩ» ናት እስከ ዛሬ ሥራ ይዤ ሳለሁ ድንገት ከኋላዬ የምትመጣብኝ።

ልጁ አልጮኸም። «መምህር፣» አለ፣ «አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚሉኝን ይንገሩኝና ይሂዱ።»

አባዬ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ግንበኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ አዙረው ያንኑ ይደጋግማሉ።

«ዝም በል ልጄ፣ ይሰሙሃል፤ ነው የሚሉህ።»

አባዬ ከወጣ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተከትዬው ደረስኩበት፤ ታፔላ ጸሐፊውን ማለቴ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። እጄን ወደ እጁ ስሰድ በቀስታ ሸሸው።

«አንቺ ምንም አላደረግሽም» አለኝ። «ግን ሳይሽ ግንባሩን አያለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ግንባሬ የአባዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ሲስተር አለኝ።

ቤት ስገባ አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ተጣላን ማለት አይቻልም፤ እኔ ጠየቅሁ፣ እሱ መለሰ። ወደ ማዶ ሲሄድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንድ አገር አንድ ቋንቋ ካልያዘ ይፈርሳል ተብሎ ነው የሰለጠነው፤ እሱም አምኖበታል። በእኛ ቋንቋ ተምረው ሐኪም የሆኑ፣ ዳኛ የሆኑ ተማሪዎች አሉት፤ ነጻ የሚያወጣቸውን ቁልፍ የሰጣቸው መስሎት ነበር። በእንቅልፉ የሚለው ቃል «ዝም» ማለት ነው። ተማሪዎቹ የእሱን ኮቴ ሲሰሙ ክፍሉ ሁሉ የሚንሾካሾከው ያንኑ ቃል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በገባበት ሁሉ ቀድሞት የገባ ቃል ነው።

በሳምንቱ ማለዳ ለሥራ ስወጣ የብረት በራችን ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ አየሁ፤ «እዚህ የሚኖረው መምህር የልጆች ምላስ ቀምቷል።» በእኛ ቋንቋ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ማዶኛውን አያውቀውማ። የማን እጅ እንደሆነ ለመለየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። ሆስፒታል በየቀኑ የምከፍታቸው በሮች ላይ የጻፈው እጅ ነው።

ቤንዚንና ጨርቅ ይዤ ስወጣ አባዬ ከኋላዬ መጥቶ አነበበው።

«ተዪው» አለኝ። «ሆሄው የተስተካከለ ነው፤ የሚታረም የለውም።»

ጎረቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አገር ያቀኑ አባቶች ተሰደቡ ብሎ ተቆጣ፤ ሠፈራችን ያሉ ማዶዎች ደግሞ ቆም ብለው ያነቡና ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ። ለዓመታት ሰላምታ የምንሰጣጥ ሰዎች በዚያ ሳምንት ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን።

ወደ ታፔላ ጸሐፊው ሱቅ ሄድኩ። ስለ አባቱ መናገር መብቱ መሆኑን፣ እኔን ግን ፊት ለፊት መጋፈጥ እንደነበረበት ነገርኩት። ብሩሹን አስቀመጠ።

«አገሬን እወዳለሁ እኮ» አለ። «በዚህ ከተማ የአገሬ ስም ከተጻፈበት ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ምን ከፍለው የአገሩ ልጅ እንዳደረጉኝ ግን የነገረኝ የለም። አሁን ቤት ውስጥ ከእህታቸው ጋር ያወራሉ፣ ይስቃሉ። እኔ እንደ እንግዳ ተቀምጬ አያቸዋለሁ።»

ግንበኛው ከሆስፒታል ሲወጡ እህታቸው ከማዶ መጥተው ያስታምሟቸው ነበር። እኚህ አክስት የእኛን ቋንቋ ለገበያ ያህል ያውቁታል፤ ከዚያ በላይ አልፈልግም ያሉ ሴት ናቸው። ነጻነት ምንድን ነው ቢሏቸው፣ ሰው ሲሰድበኝ በአፌ መልሼ መስደብ ነው ይላሉ አሉ።

ያን ቀን ሳንታረቅ ተለያየን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው። እኔን አልፎ አባዬን አየ።

«መምህር፣ ማዶኛ ያስተምሩኝ።»

አባዬ ከእኔ የተሻሉ የማዶ ሰዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል አለው።

«አሉ። ግን የወሰደው ይመልስ ብዬ ነው።»

አባዬ ወንበር ሳበለት።

ሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ መጣ። ከእኔ ጋር ከሰላምታ አያልፍም። ቃሉን ሲስት አባዬ ሳያስበው እጁን ያነሳና፣ እንዳነሳው ሲያውቅ ከጭኑ ሥር ይቀብረዋል። ልጁ ያያል፤ ያየውን ግን ተናግሮ አያውቅም። ውሃ ሳቀርብላቸው ሁለት ሰዎች ሳይሆን ሦስት አራት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡ ይመስለኛል። የበሩን ጽሑፍ ላጥፋው ሲል አባዬ እምቢ አለ፤ ፀሐይና ዝናብ ያደርጉታል አለ።

አንድ ቀን ታፔላ ጸሐፊው ሆስፒታል መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሆነውን ነገረኝ። ጠዋት አባቱ ያንኑ ዝም በል፣ ይሰሙሃል ሲሉት በማዶኛ «ይስሙን፣ አባባ» አላቸው። ግንበኛው ለረጅም ጊዜ አፉን አዩት። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ እስከ ምሳ አላቆሙም። ግማሹ አልገባውም። የገባው ግን ሠላሳ ዓመት ያልሰማው የአያቱ ስም ነው፤ እናታቸው ምን ትባል እንደነበር ነገሩት። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ሲነሳ በስሜ ጠራኝ።

ግንበኛው ከዚያ በኋላ አርባ ቀን አልቆዩም። ቀብሩ ላይ አባዬ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ማንም አላነጋገረውም፤ ማንም ሂድም አላለውም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ታፔላ ጸሐፊው አገባው እንደሆነ ጠየቀኝ። አባዬ ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ፣ «የእኔ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም» አለ። የሚጠየቁት የልጁ አክስት ናቸው። ይዞኝ ሄደ። እሳቸው ቁጭ ብለው የወንድማቸውን ልብሶች ያጣጥፉ ነበር። ግንባሬን አዩ። ገና ደፉ ላይ እንደቆምኩ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ በማዶኛ ብዙ ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ደህና መጣሽ አሉሽ።»

«ይህን ሁሉ ተናግረው?»

«የቀረውን ስትማሪ ራስሽ ትሰሚዋለሽ።»

ተጋባን። አክስቱ አብረውን ኖሩ፤ አባዬ ግን በራችንን ረግጦ አያውቅም፣ የምንጠይቀው እኛ ነን። ማዶኛው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአክስቱ ጋር የታጠበ ልብስ ከገመድ እያወረድን ሳለ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ምን ብለውኝ እንደነበር ጠየቅኋቸው። እጃቸው ከሥራው አልቆመም። ለማስታወስም አልተቸገሩም።

«አባትሽን እስክሞት አልምረውም» አሉኝ። «አንቺ ግን ደፍ ላይ ቆመሽ አትቅሪ፤ ግቢና ተቀመጪ።»

ይህን ብለው የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አቀበሉኝ። ያዝኩት፤ አብረን አጠፍነው።