የእርሳስ ሞክሼ

«እንደኔ ሰላጣ ያበቀለ ካለ እጁን ያውጣ» አለች ማይክ፣ ወንበር ላይ ቆማ።

ማይክ የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ስም ነው፤ ከኋላ ወንበር ስታንሾካሹክ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ነገ የትምህርት ዓመቱ ያልቃል፤ ክፍሉ አብሮ ምሳ ሊበላ ተስማምቷል። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ቲማቲም፣ አንዱ እንቁላል እንዲያመጣ ተመድቧል። ለአርባ ሁለት ሰው የሚበቃው ሰላጣ ግን የማይክ ብቻ ነው። በረንዳቸው ላይ በአሥራ ሁለት ሣጥን ተክላዋለች፤ እሷ እንደምትለው ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ ያህላል።

«ባለፈው ሳምንት የድመት ጆሮ ነበር ያልሽው» አለቻት ፍሬን። ፍሬን የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ማይክ ስትከንፍ የምትይዛት እሷ ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት።

«አደገ እኮ።»

የኬሚስትሪ መምህሩ ሲገባ ማይክ ከወንበሩ ዱብ አለች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «እርሳስ» ብሎ ጻፈ።

«ዛሬ እርሳስ ምግብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እናያለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማይክማ መች ታልፋለች።

«ቲቸር፣ እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ደርዘን እርሳስ ቆርጥሜ ነው እዚህ የደረስኩት። ይኸው አለሁ።»

«መኖርሽንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለ መምህሩ። «የቆረጠምሽው ግን ሞክሼውን ነው። መጻፊያው እርሳስ ውስጡ የከሰል ዘመድ ነው፤ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ ነው፤ ከባድ ብረቶች ከሚባሉት ስለ አንዱ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ብረቱ ሽታም ጣዕምም የለውም አለ መምህሩ። አፈር ውስጥ አንዴ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል። ቅጠላ ቅጠል በሥሩ ይስበዋል፣ አቧራውም ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ሲታጠብ የላዩ ይሄዳል፤ የውስጡን ግን መታጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ትንሽ በትንሽ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ ገና የሚያድግ አንጎልን ነው።

«ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች ፍሬን።

«ከአንዳንድ አሮጌ ቀለም፣ ከአንዳንድ ሸክላና ድስት። የመኪና ባትሪማ ሆዱ እርሳስ ነው።»

ማይክ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ማይኩ ጠፋ» አለ አንዱ ከኋላ።

ለምን እንደጠፋ ያወቀች ፍሬን ብቻ ናት። አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች የጭነት መኪና ባትሪ ሣጥኖች ናቸው። የማይክ አጎት ባትሪ ጠጋኝ ነው፤ ክዳናቸውን ቆርጦ፣ በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ሰጣት። እሷ አረንጓዴ ቀለም ቀባቻቸውና ነገሩ ተረሳ።

ከትምህርት ቤት እንደወጡ ሁለቱም እየሮጡ በረንዳው ላይ ደረሱ። ሰላጣው ተንጨፍርሮ፣ ልምላሜው ዓይን ይስባል።

«ማን በልቷል?» አለች ፍሬን።

«ማንም። እማዬ ለዳቧ አንድ ቅጠል ብትለምነኝ እንኳ እንቢ ብያታለሁ።»

«ስስትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ።»

ማይክ አጎቷ ጋር ደወለች። «ጋሼ፣ ሣጥኖቹን በምን ነበር ያጠብካቸው?»

«በውሃ ነዋ። በሽቶ ፈልገሽ ነበር?»

«ሰላጣ ተክዬባቸዋለሁ።»

«አበባ ነበር ያልሽኝ።»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«የኔ እናት፣ እኔ እንኳ እጄን በሳሙና ፈትጌ ሳልታጠብ ቁራሽ አልነካም። አንድ ቅጠል እንዳትቀምሱ። አፈሩንም የትም አትድፊው፤ በወፍራም ላስቲክ ቋጥሪልኝ፣ ሣጥኖቹን ከአሮጌ ባትሪዎቹ ጋር የማስረክብበት ቦታ አለኝ። ጓንት አድርጊ ደግሞ።»

ማይክ ስልኩን ዘግታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ከገበያ ገዝተን የኔ ነው ብንልስ? ማን ያውቃል?»

ፍሬን ደረቅ ቅጠል አንስታ በጣቷ አሸችና፣ ትዝ ሲላት ቶሎ ጣለችው። «የፊት ወንበር ልጆች በእረፍቱ እኛም እንተክላለን ብለው ሣጥን አዘውሽ የለ?»

አዘዋታል። ስንቱን ቀስቅሳ! አምስት ልጆች ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ትንሹ ወንድሟ የሚበላውን ካሮት ልትተክል ነው። የማይክ ሰላጣ አምሮ ከቀረበ፣ ሁሉም ወደ አጎቷ ጋራዥ ነው የሚሮጡት።

ማይክ የእማዬን የወጥ ቤት ጓንት አመጣች። የመጀመሪያውን ሰላጣ ከነሥሩ ነቅላ ከፍ አደረገችው። «መልከ መልካም ነበርክ፤ አስተዳደግህ ነው ያበላሸህ» አለችው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ፍሬን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፣ ማይክም አብራት።

በማግስቱ ባዶ ትሪ ይዛ ክፍል ገባች፤ ወንበር ላይ ሳትወጣ ሁሉንም ተናገረች። ባትሪውን፣ አረንጓዴውን ቀለም፣ ከገበያ ልትገዛ ማሰቧን ሳይቀር። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዷ ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«ያንተ ቲማቲምስ በምንድን ነው የተተከለው?»

«እኔ እንጃ፣ እናቴን ጠይቂያት።»

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። ዳቦው ምርመራ ገባ፣ እንቁላሉ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ፣ መምህሩም ቁራሽ ይዞ ምስክር ሆኖ ቆመ። ካሮት ልትተክል የነበረችው ልጅ መጥታ ማይክ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዳቦዋም ገምሳ ሰጠቻት።

አፏ ሲሞላ የማይክ ድምፅ ተመለሰ። «ለማንኛውም፣ አርባ ሁለት ሰው ያዳንኩት እኔ ነኝ። ጭብጨባ አይገባኝም?»

ፍሬን እንቁላሏን ከመላጥ ቀና አላለችም።

«ከማን ነው ያዳንሽን? ከአንቺው።»