ከሃፊዛ ወንበር ጀርባ

ሙሐዲን አሁንም ከጀርባዋ «እህም» አለ።

ሃፊዛ ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። ቼዝ ከጀመረች አንስቶ ታላቅ ወንድሟ ከወንበሯ ጀርባ ጠፍቶ አያውቅም። ሰፈራቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ተመልካች መናገር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ያስላል። የሃፊዛ እጅ ወደማይሆን ቦታ ሲሄድ ሙሐዲን ያስላል፣ ስትመልሰው ዝም ይላል። ስታሸንፍ ታዲያ ሰዉ የሚለው አንድ ነው፦ «የሙሐዲን እህት አይደለች?» ይሄ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት ኖሯል።

ዛሬ ደግሞ ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ከውጭ የመጣ ግራንድማስተር፣ ትልቅ የቼዝ ሊቅ፣ ከሃያ ሰው ጋር ባንዴ እየተጫወተ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። በሁሉም ሰሌዳ ላይ ነጩ የሱ ነው፤ አንድ ያንቀሳቅስና ያልፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ መልስሽን እፊቱ ትጫወቻለሽ። ከጎኗ የተቀመጠው የአስኮው ደግፌ በጊዜ ንግሥቱን አስበልቶ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ፎቶ ልነሳ ነው እያለ ይስቃል።

የሃፊዛ ጨዋታ ግን ገና አልተበላሸም። ግራንድማስተሩ መጣ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ቆየ። ከዚያ ለዳኛው አንድ ነገር ነገረው። ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ ከፈለገች አቻ እንዲወጡ ግራንድማስተሩ መጠየቁን ነገራት።

ሙሐዲን ማሳሉን ረስቶ ጆሮዋ ስር ገባ። «ተቀበይ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ብትቀበል ዛሬውኑ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ይወራል። ሙገሳው ግን ለሙሐዲን ነው። እንቢ ካለች መሸነፏ እንደማይቀር ታውቃለች። ግን ፈረሷን የት እንደምታሳርፍ አይታ ጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ማየት ፈልጋለች።

«እንጫወት» አለችው ዳኛውን። ቀጥላ ዞረች። «ሙሔ፣ በሩ ጋ ሄደህ ጠብቀኝ። ብሸነፍም እኔው ልሸነፍ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ሂድልኝ አልኩህ።»

እያጉረመረመ ሄደ። ፈረሷን አሳረፈች። ግራንድማስተሩ ቅንድቡን አነሳ፤ ከዚያ ወዲህ በዞረ ቁጥር እሷ ጋ ሲደርስ እየቆየ ያስብ ጀመር። በመጨረሻ አሸነፋትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ሃፊዛ ሳቋ መጣ።

አዳራሹ ሲበተን፣ ከበሩ እየተንጠራራ ሲያይ የቆየው ሙሐዲን እየሮጠ መጣ። ያ ፈረስ ነው የገደለሽ፣ እኔ ብሆን ኖሮ እያለ ሊያስረዳት ወደ ጀርባዋ ዞረ። እሷ ግን ጠጠሮቹን መልሳ ደርድራ፣ ከፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ቁጭ በልና አሳየኝ» አለችው። «ጥቁሩን ያዝ።»