ልቀቅ እስክትለኝ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ተከራክሬ የማሳምንበት አቅም የለኝም... ደክሞኛል።

ሰዓቱ ሌሊት አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ነው።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሳይነጋ ወጥቼ ስምንት ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። ያን ቀን ከሥራ እንደተመለስኩ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ካርቶን አንጥፌ መኪናዋ ሥር ገባሁ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። ጋሼ ነው የምለው። ባለ ሁለት በር የድሮ የስፖርት መኪና ናት፤ ቀለሟ የነተበ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ጋሼ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሲፈታትና ሲገጥማት ኖረ። እሱ "ሙሽራዬ" ይላታል። ሚስቱ እትዬ ደግሞ "ጣውንቴ" ትላት ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ጋሼ እዚያችው መኪና ውስጥ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ አረፈ። ልቡ ነው አሉ።

አጠገቡ ማን ነበር?

እኔ... ቢያንስ ለእትዬ የነገርኳት እንደዚያ ነው።

እኔ መኪናዋ ሥር በገባሁበት ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ የጋሼ ጓደኛ፣ ጎማ ሠሪው፣ መጥቶ ሊወስዳት ነበር። "ውሰዳት፣ ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል" ያለችው እትዬ ናት። እኔ ግን ከእሷ ብሼ ነበር። መኪናዋ ከግቢ ብትወጣ እንቅልፌ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነበር።

ፍሬን ውስጥ የገባ አየር ለሁለት ነው የሚወጣው። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ አንዲት ትንሽ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አይተያዩም። የሚግባቡት በድምፅ ብቻ ነው።

"ርገጥ።"

"ያዝ።"

"ያዝኩ።"

"ልቀቅ።"

ብሎኗ ተከፍታ እያለ የረገጠው ሰው እግሩን ካነሳ አየር ተመልሶ ይገባና ልፋቱን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ለዚህ ነው ጋሼ ሁልጊዜ፣ "አንተ ሚጢጢ፣ ልቀቅ እስክትለኝ ሰማይ ቢደፋ እግሬን አላነሳም" የሚለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ሞተሯ ጠፍቶም ቢሆን፣ የኋላው መብራት ይበራል። ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ቀይ ይሆናል። ሲለቀቅ ይጠፋል። እኔ ተኝቼ የማየው እሱን ነው።

ፔዳሉን የምትረግጥልኝ እትዬ ናት፤ አጭር ስለሆነች ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩላትና ጀመርን።

የመጀመሪያውን ጎማ እንደጨረስን፣

"ወንበሩን ለምን ወደ ኋላ ገፋኸው? እግሬ አልደርስ አለኝ እኮ" አለችኝ።

"እኔ መቼ ነካሁት?"

መልሼ ሳብኩት።

ሁለተኛው ጎማ ላይ አሁንም ወደ ኋላ ሄዷል። እስከ መጨረሻው... ለረጅም ሰው እንደሚሆነው።

"መቆለፊያው አርጅቶ ነው" አልኳት።

ሦስተኛው ላይ ወንበሩን ራሷ ሳበችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣

"ይሄ ፔዳል... አንዳንዴ ከእኔ እግር ቀድሞ ይወርዳል።"

"ደክሞሽ ነው እትዬ።"

"ማን ያልደከመው አለና?"

የቀረው የኋላ ግራ ጎማ ነው። ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ጋሼ ያረፈ ቀን አብረን ሳንጨርሰው የቀረነው እሱን ነበር።

ካርቶኔን ጎትቼ ገባሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ዓይኔ በራሱ ይከደናል።

"ርገጪ።"

ግድግዳው ቀይ ሆነ።

"ያዢ።"

ዝም...

"እትዬ፣ ያዢ!"

"ያዝኩ።"

ድምፁ ጎርነን ብሎ ተሰማኝ። ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ። ብሎኗን ከፈትኩ፣ የፍሬኑ ዘይት ፏ ብሎ ወጣ፣ ዘጋሁ።

"ልቀቂ።"

ግድግዳው ቀይ እንደሆነ ነው።

"ልቀቂ እንጂ! ዘግቻለሁ እኮ!"

ቀይ...

"ማንን ነው ልቀቂ የምትለው?"

ድምፁ የመጣው ከጋራዡ በር በኩል ነው።

አንገቴን አዞርኩ። ከመኪናዋ ሥር የታየኝ የእትዬ ነጠላ ጫማ ነው። በሩ ላይ ቆማለች።

"መቼ ወጣሽ?"

"ቅድም ነዋ! ጎማ ሠሪው ደውሎልኝ። 'መጣሁ' ብዬህ አይደል እንዴ የሄድኩት? ውሃ ላምጣልህ ብዬ ነው የዘገየሁት።"

ክው አልኩ።

ተንፏቅቄ ወጣሁ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዷል። ፔዳሉ ግን ወደ ታች እንደተረገጠ ነው... ማንም ሳይነካው።

ከዚያ ከወንበሩ በኩል፣ በደከመ ድምፅ፣

"ሚጢጢ... ያዝኩ..."

ብርጭቆው ከእትዬ እጅ ወደቀ። ሰማችው ማለት ነው። እሷም ሰማችው!

"እሱ ነው" አለች በሹክሹክታ።

"እንውጣ እትዬ።"

"ለምንድን ነው የያዘው?"

"እንውጣ ስልሽ..."

"ያን ቀን... ልቀቅ አላልከውም?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ግን ስምንት ወር ሙሉ እያደር ሲከብደኝ ነው የከረመው።

ያን ቀን "ያዝ" አልኩት። "ያዝኩ" አለኝ። ስልኬ ጠራ። የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ስለ አዲሱ ተቆጣጣሪያችን ሐሜት ይዞ። ሰምቼ ልመለስ ብዬ ወደ ውጭ በር ወጣሁ። ሐሜቱ ጣፈጠኝ። ስስቅ ቆየሁ። ወንድሜ ፔዳል ላይ እንዳለ ጨርሶ ረሳሁት።

ስመለስ ግድግዳው ቀይ ነበር።

ሐኪሙ፣ "ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደረስለት ኖሮ..." አለ። እኔ ግን ለእትዬ፣ "እጄ ላይ ነው ያረፈው፣ አንድ ደቂቃም አልተሰቃየ" አልኳት። የምትጽናናው በዚያ ነበር። ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትናገረውም ያንኑ ነው። በተናገረች ቁጥር እኔ መሬቱን አያለሁ።

"አርባ ደቂቃ ነው፣ እትዬ" አልኳት። "ትቼው ስልክ ሳወራ ነበር። አጠገቡ አልነበርኩም።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ ብትለኝ እንኳ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ወደ መኪናዋ መስኮት ተጠጋች፣ ጎንበስ አለች፣ ባሏን ከሥራ ሲመጣ እንደምትቀበለው ባለ ድምፅ፣

"የኔ ጌታ... ደክሞሃል። ልቀቅ በቃ" አለችው።

ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተመለሰ።

ግድግዳው ነጭ ሆነ።

እትዬ የብርጭቆውን ስባሪ አንድ በአንድ ለቀመች። ፊቴን ሳታይ ወደ ቤት ገባች።

ብቻዬን ቀረሁ። መሸሽ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ጎማ ሠሪው ሊመጣ ነው፣ ፍሬኑ ደግሞ መሞከር አለበት። ሙከራውን ለእሱ አልተውለትም። የብሎን መፍቻውን ኪሴ ከትቼ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ ረገጥኩ።

ጠንካራ ነው። ተሠርቷል።

በመስታወቱ ውስጥ ግድግዳው ቀይ ሲሆን አየሁ። እግሬን ላነሳ ስል...

ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ መስመጥ ጀመረ።

እንዲህ የሚሰምጠው ከኋላ ያለ ሰው ብሎኗን ሲከፍት ብቻ ነው።

በወጥ ቤቱ መስኮት እትዬን አያታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው።

ከኋላ ግራው ጎማ በኩል፣ ከመሬት፣

"ያዝ።"

አፌ በራሱ መለሰ።

"ያዝኩ... ጋሼ።"

ያዝኩ። እግሬ ደነዘዘ፣ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ። አለቀስኩም። ይቅርታም አልኩት። "ልቀቅ" የሚል ድምፅ ግን አልመጣም። ጎማ ሠሪው መጥቶ፣ ፊቴን አይቶ ደንግጦ፣ እግሬን በሁለት እጁ ከፔዳሉ ላይ ሲያነሳልኝ ሰዓቴን አየሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ብሎኗን ሄዶ ፈተሸልኝ። ጥብቅ ተደርጋ ተዘግታለች። መኪናዋን ነድቶ ወሰዳት፤ ፍሬኗ እንደ አዲስ ነው ይላል። እትዬ እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሰችኝም።

ይኸው ይህን የምጽፍላችሁ ከአውቶቡሴ ጀርባ፣ ከማቆሚያው ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሜ ነው። ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ወርጃለሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

የቀኝ እግሬ ግን ደንዝዟል።

ግድግዳውም ቀይ ነው።